ኩሬያችን ሥጋ የሆነች ዕለት

ትናንት ጠዋት ኩሬያችን ሥጋ ናት ተብሎ ተፈረደባት። ቀልድ አይደለም... ፍርዱ ሲሰጥ እንስራዬን አዝዬ እዚያው ቆሜ ነበር።

ዘንድሮ ቆቦ ላይ ከፀሐይ በቀር የተረፈን ነገር የለም። ያልደረቀችው ከከተማው በታች፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው ኩሬ ብቻ ናት፤ እሷም ሽሮ መስላለች። ከእሷ ሌላ ያለው አማራጭ ጎሊና ወንዝ ድረስ ሄዶ አሸዋ መጫር ነው። አህያችን ሞታለች። ታናሽ ወንድሜ ካሳው ደግሞ ተቅማጥ ይዞት ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቴ «ውሃውን ይዘሽ ቶሎ ነይ» ብላ ነበር የላከችኝ።

ስደርስ ሽማግሌዎቻችን ኩሬዋን ከበዋል። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መምህር መጥቷል፤ ውሃው ታሞ እንደሆነ የሚያጠና። አዎ፣ ውሃው! ሰዉ አስፋልት ዳር ተኝቶ እህል የጫነ መኪና ይጠብቃል፣ ለኩሬያችን ሐኪም ተላከላት። አብረውት የመጡት ሹም ከላንድሮቨሩ አልወረዱም። አቧራ አይስማማቸውም መሰለኝ።

መምህሩ ማይክሮስኮፑን ሣጥን ላይ አስቀመጠ፤ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞረ፤ ከኩሬዋ አንድ ጠብታ አኖረና «ማየት የሚፈልግ አለ?» አለ።

የሚፈልጉማ አያ ደምሌ ናቸዋ! አያ ደምሌ ቄስ አይደሉም፣ ዲያቆንም አልነበሩም። ግን በጾም ነገር ከእሳቸው በላይ ያለው እግዜር ብቻ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ሳያማክራቸው አይቀርም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ወዲያው እባብ እንደረገጠ ሰው ዘለሉ።

«እግር አለው! ይዋኛል!»

«ደቃቅ እንስሳት ናቸው አባቴ፤ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ» አለ መምህሩ ደስ ብሎት።

«እንስሳ?!» አያ ደምሌ ወደ ውሃው በሚወስደው መንገድ ላይ ዱላቸውን አጋደሙት። «ሁዳዴ ነው ጎበዝ! ከዚህ ውሃ የቀመሰ ጾሙን ገደፈ። እስከ ፋሲካ ማንም እንዳይነካው!»

መምህሩ ደነገጠ። «ኧረ አባቴ! ልጆቹን የሚያሳምማቸው ሳይፈላ መጠጣቱ ነው። አፍልታችሁ ጠጡት፤ ሲፈላ ይሞታሉ።»

«ካፈላነውማ መረቅ ሆነ!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመረቁ ነገር አሳማኝ ነበር።

ሸህ ይማም ሳቃቸውን በጢማቸው ሸፍነው «ለእኛስ ችግር የለውም፤ የውሃ እንስሳ ቢላ አይሻም፣ ሐላል ነው። እናንተ እስከ ፋሲካ ቻሉት እንግዲህ... አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አሉ።

እኔ ዱላውን ልሻገር ስል «አንች ልጅ!» ተባልኩ።

«ወንድሜ ታሟል አያ ደምሌ።»

«የታመመ ጸበል ይጠጣ!»

«ቄሱ የሚባርኩት ውሃም ከዚሁ ነው የሚቀዳው...»

«ዝም በይ! የዛሬ ልጅ!»

ያኔ አንድ ተንኮል ብልጭ አለልኝ። «ጋሼ፣ የሰው አፍ ውስጥ ያለውስ በዚህ ይታያል?» አልኩት መምህሩን። ፊቱ በራ። ለካ ዋናው ትምህርቱ የሰው ገላ የተሠራበት፣ ሕዋስ የሚሉት ነገር ኖሯል። «ከጉንጭ በስንጥር ጫር አድርገን እናየዋለን» አለኝ።

«እንግዲያው የአያ ደምሌ ይታይ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እንደሳቸው ያለ የጾመኛ አፍ ከየት ይመጣል? ሥጋ የሚባል ነገር አይገኝበትም።»

ሙገሳ የማይወድ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። አያ ደምሌ አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፈቱት። መምህሩ ጫረ፣ መስታወቱ ላይ ቀባ፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገበት።

«ምንድን ነው ይሄ... ቅርፊት ቅርፊቱ?» አሉ አያ ደምሌ ጎንበስ ብለው እያዩ።

«የእርስዎ ሕዋስ ነው አባቴ። ሥጋ ማለት የነዚህ ክምር ነው። ከጉንጭዎ እየተላጠ ከምራቅዎ ጋር ይዋጣል። ቀንም ሌሊትም።»

«በሁዳዴም?» አልኩ እኔ።

«በሁዳዴም።»

ሸህ ይማም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ያ ረቢ! ደምሌ፣ ሥጋ በሁዳዴ! ያውም የሰው! ያውም ያልታረደ!»

ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው... የሳቸውም ጉንጭ ከዚያው የተሠራ ነው። አፋቸውን ገጠሙ። የቀሩትም አንድ በአንድ ገጠሙ። እናንተዬ! ያ ሁሉ ሽማግሌ ምራቁን አጠራቅሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ማን ቀድሞ ይውጥ ይሆን እያለ ሲተያይ! ቆቦ እንዲህ ጸጥ ብላ አታውቅም።

በመጨረሻ አያ ደምሌ ዋጥ አደረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ስሙ! ጾም የሚገድፈው አይቶ የበላ ነው። ዓይን ያላየው ነገር እንደሌለ ነው። ውሃው ይከፈት፣ ይሄ መነጽር ይዘጋ!»

«ደግ ፍርድ!» አሉ ሁሉም፣ አፋቸው በመከፈቱ ደስ ብሏቸው።

የመኪናው መስኮት ዝቅ ያለው ይሄኔ ነው። «ትክክል!» አሉ ሹሙ። «እኔም ለበላይ የምለው ይህንኑ ነው። ያላየሁትን አልጽፍም።»

ከመኪናቸው ኋላ ከሮቢትና ከጎብዬ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ተኝተዋል። ጥግ ላይ ያሉት ፊታቸው በነጠላ ተሸፍኗል፤ ገና አላነሷቸውም። ሹሙ ወደዚያ ዞር ሳይሉ የመስኮቱን መጋረጃ ሳብ አደረጉት።

መምህሩ ሣጥኑን ቆለፈ። «አፍልተሽ ስጭው» አለኝ ቀስ ብሎ። እንስራዬን ሞልቼ ሮጥኩ። አፈላነው፣ አበረድነው፣ ካሳው ጠጣ... ማታ ላይ ዓይኑን ገልጦ ስሜን ጠራኝ።

የአያ ደምሌ ፍርድ ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ... ያልታየ ሁሉ የለም ከተባለ፣ እኛ ዘንድሮ የለንም ማለት ነው።