የወይራ ዳር ድንጋይ

እንዳለው ጡረታ በወጣ ሰሞን ሚስቱ ብርሃኔ ጭንቅ ይዟት ነበር። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አካፋና ዲጅኖ ይዞ መንገድ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው? «ወይ ጠላ ቤት ይለምዳል፣ ወይ እኔን እግር በእግር እየተከተለ ሥራ ያስፈታኛል» ትል ነበር ለጎረቤቶቿ። እሱ ግን አንዱንም አላደረገም። አንድ ቀን ጎንደር ወረደና ጥቁር አሮጌ ሳይክል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ደባርቅ ገባ። ብርሃኔ በሩ ላይ ቆማ፣ «በስድሳ ዓመትህ!» አለች።

መንዳቱን የተማረው ገና ልጅ እግር ሠራተኛ ሳለ፣ በጥገና ካምፑ የመልእክት ሳይክል ነበር። እግሩ አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ከገለባው ላይ ሳይለቅ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የዳባትን መንገድ ይይዛል። ከደባርቅ እስከ ዳባት ካለው መንገድ የማያውቀው አንድ ክንድ አልነበረም፤ የትኛው ቱቦ በየትኛው ክረምት እንደተቀበረ፣ የትኛው ድጋፍ ግንብ ሁለቴ ተንዶ ሁለቴ እንደተካበ ይነግርሃል። አገሩን ግን አላየውም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ዓይኑ ከመሬት አልተነሣም። አሁን ነው፣ ሽቅቡን ቀስ እያለ ሲገፋ፣ ቁልቁሉን ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ሲወርድ፣ ቀና ብሎ የስሜንን ተራራ ጫፍ ያየው። በየሸለቆው ውሃ እንዳለ፣ ውሃው ሁሉ የየራሱ ድምፅ እንዳለው የሰማውም አሁን ነው። መኪና ሳያልፍ ግማሽ ሰዓት የሚቆይባቸው ማለዳዎች አሉ፤ እነሱን ይወድ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከደባርቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አንዲት ወጣት መንገድ ዳር ተቀምጣ አየ። የራስ ቁር አድርጋለች፤ ሳይክሏ በሁለት በኩል ቦርሳ ተሸክሞ ተገልብጧል፤ እጇ በቅባት ጠቁሯል። የሳይክሏ ካቴና ተበጥሶ ነበር። ቱሪስት ናት ብሎ በምልክት ሊያናግራት እጁን ሲያነሣ ቀደመችው።

«አንቱ፣ እንደምን አደሩ?»

እንዳለው ደነገጠ። የደባርቅ ወጣት እንኳ «አንቱ» ማለት ከተወ ቆይቷል። «ማን አስተማረሽ ይህን አማርኛ?» አላት እየሣቀ።

«አያቴ። እናቴ በዕብራይስጥ ነው የምታወራኝ፤ አያቴ ግን በአማርኛ ካልሆነ አልመልስልሽም ትለኛለች።» ስሟ ሻኬድ እንደሆነ፣ እስራኤል ተወልዳ እንዳደገች፣ ተራራውን በእግሯ አይታ አሁን በሳይክል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ጣና እንደምትወርድ ነገረችው። እሱ ካቴናውን ይዞ የተበጠሰውን ዓይን አወጣ፤ የቀረውን አገናኝቶ በድንጋይ ቀጠቀጠው። ትንሽ አጠረ፤ ግን ያዘ።

ልትሄድ ስትነሣ እንዲህ ስትል ጠየቀችው። «ወይራ ዳር የሚባል አገር ያውቃሉ? ካርታ ላይ የለም። ደባርቅ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ አላውቅም አለኝ።»

እንዳለው እጁን በሣር ጠረገ። «የማን ወገን ነሽ?»

«የባንቻየሁ የልጅ ልጅ። ወንድ አያቴ ይስማው ብረት ቀጥቃጭ ነበር።»

አላውቅም ቢላት ኖሮ ታምነው ነበር። የጠየቀችው ሁሉ አላውቅም ብሏታል፤ አንድ ሰው ቢጨመር ምን ነበረበት? ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። «አውቀዋለሁ» አለ ግን። «በመንገዳችን ላይ ነው፤ ተከተይኝ።»

አብረው ነዱ። ሁለት አቀበት ወጡ፣ ሁለት ቁልቁለት ወረዱ። በአውድማ ላይ ገብስ የሚያበራዩ ሰዎች ቀና እያሉ አዩአቸው። በሦስተኛው ቁልቁለት ላይ ሸለቆው ተከፍቶ አንድ ሰማያዊ ውሃ ከታች ተኝቶ ታየ፤ ሻኬድ ፍሬን ይዛ ቆመች።

«አያቴ ስለ ሐይቅ አልነገረችኝም።»

«አልነበረማ። ለመስኖ የገደቡት ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ። ወንዙ ግን የድሮው ነው፤ ሰበር ውሃ ይባላል።»

«ሰበር ውሃ!» አለች። ስሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረች መሆኑ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ሳይክሎቹን ድልድዩ ላይ አስደግፈው በእግር ሄዱ። ወይራ ዳር ከወንዙ በላይ ያለች ጠፍጣፋ ሜዳ ናት። ሦስት አሮጌ ወይራ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ሳማ የወረሰው ጥግ፣ ሌላ የለም። ከማሳው በላይ፣ ቀጋና እሾህ በሸፈነው ተዳፋት ላይ፣ የድንጋይ ክምር ክምር ይታያል፤ መቃብር ነው። ሻኬድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ተመልሳ መጣችና እፊቱ ቆመች።

«ቤቶቹ የድንጋይ ነበሩ ብላኛለች። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሣሩ ይበሰብሳል። ድንጋዩ የት ሄደ?»

እንዳለው ተቀመጠ።

«ድንጋዩን የወሰድነው እኛ ነን» አለ። «እኔም ነበርኩበት።»

ነገራት። ቤተሰቦቿ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል በሄዱ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1979 ክረምት፣ ሰበር ውሃ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው። መኪና በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ቆመ። ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ሩቅ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ ጭቃ ነው። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሽቅብ አየና፣ «ያ ባዶ ሰፈር ምን ይሠራል?» አለ። ስድስት ቀን አፈረሱ። እንዳለው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን የደረሰው ይስማው ቤት ነው፤ ግድግዳው በውስጥ በኩል በጥላሸት የጠቆረ ነበር። ልጅ ሆኖ የአባቱ ማረሻ እስኪሳል ድረስ የተቀመጠባት መደብ እንኳ አልፈረሰችም። ዲጅኖውን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ አነሣት።

«ቤቱ ሲያልቅ ካቦው መቃብሩን አሳየን» አለ። «ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ ሠራተኛ ነበሩ። አካፋቸውን ጣሉና አንዱ መቃብር ላይ ቁጭ አሉ። ‹በመጀመሪያ እኔን አንስታችሁ ውሰዱ› አሉት። ካቦው ሰድቦ ሰድቦ ተዋቸው። መቃብሩ የተረፈው በዚያ ነው።»

«አንቱስ?»

«እኔማ ዲጅኖዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አልተቀመጥኩም፤ አልተናገርኩም።»

ሻኬድ ትታው ብቻዋን ወደ ድልድዩ ሄደች። ሲደርስባት ከሥሩ ገብታ የግንቡን ድንጋዮች አንድ በአንድ ታያለች።

«የእኛ የትኛው ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ሁሉም ተደባልቋል።»

ዞር አለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ለምን ነገሩኝ? እርሻ ሆነ ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ፎቶ አንስቼ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር።»

«የት ሄደ ብለሽ ጠየቅሽኛ። እኔ ሌላ መልስ የለኝም።»

ኔትወርኩ የሚይዘው ከላይ ስለነበር ወጥተው ድልድዩ ላይ ቆሙ። ሻኬድ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ፊት ስልኩ ላይ ብቅ አለ። ልጅቱ በዕብራይስጥም በአማርኛም እየቀላቀለች ተናገረች፤ እንዳለው «ድንጋይ» እና «ድልድይ» የሚለውን ብቻ ለይቶ ሰማ። ኋላ፣ «ሰውዬውን አሳዪኝ» አለች አሮጊቷ።

ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የስጦታ ልጅ ነኝ፣ እትየ ባንቻየሁ። ከወንዙ ማዶ።»

«የስጦታ? እንዳለው ነህ? ያ ወናፉን እኔ ካልነፋሁ እያልክ ይስማውን መቆሚያ መቀመጫ የምታሳጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«እናትህስ? አለች?»

«አረፈች፣ እትየ። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት።»

ባንቻየሁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እንዳለው እናቱን ከቀበረ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለእሷ ግን ስጦታ የሞተችው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ነበር።

«መሄዳችንን ለማንም እንዳንናገር ተማምለን ነበር» አለች ኋላ። «እኔ ለስጦታ ነገርኳት። በነጋታው አንድ ቁና ጥሬ ሽምብራ ይዛ መጣች። የተቆላ አይደለም፤ ጥሬ። እኛ የሌላ እጅ ያበሰለውን እህል እንደማንቀምስ ታውቃለቻ። በየደረስንበት እየቆላሁ ልጆቼን ያደረስኩት በእሱ ነው። አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም።»

እውነቱን ነበር። ያን ጊዜ በቀን ማረሻ የሚያሠራው ሰው ሲመሽ ስለ ቀጥቃጩ ዓይን፣ ስለ ቡዳነቱ፣ ክፉ የሚያወራበት ዘመን ነበር፤ እናቱ የሽምብራውን ነገር ይዛው ሞተች። እሷ ለመንገድ ስንቅ በሰጠች በሦስት ዓመቱ ልጇ ቤታቸውን እንዳፈረሰ ታውቅ ነበር? ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠይቃው አታውቅም። ወይም ስላወቀች ይሆናል ያልጠየቀችው።

«እትየ፣ ስለ ቤቱ...»

«ሰማሁ። ልጅቱ ነግራኛለች። ይስማው ያንን ቤት ሲሠራ ሁለት በጋ ፈጅቶበታል።»

ከዚህ በላይ ስለ ቤቱ አልተናገረችም። ማርኩህም አላለች፣ አልረገመችውም። ጥቂት ቆይታ፣ «መቃብሩስ?» አለች።

«አለ። አልተነካም። እሾህ ነው የወረሰው።»

«የመጀመሪያ ልጄ እዚያ ነው። ስም ሳናወጣለት በአምስተኛው ቀኑ የሄደ።» ሻኬድ ቀና አለች፤ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። «ማን ያየዋል እዚያ?»

«ማንም።»

«አንተ አለህ አይደል?»

እንዳለው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በስልኩ አልታያት ይሆናል ብሎ፣ «አለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

እስከ ዳባት አብረው ነዱ። በመጨረሻው አቀበት ላይ ትንፋሹ ሲያጥረው ሻኬድ ቀድማ ሄዳ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ የውሃ ኮዳዋን ዘረጋችለት። ዳባት ገበያ ዳር፣ ሚኒባሶቹ «ጎንደር! ጎንደር!» እያሉ ሲጣሩ ተለያዩ። የስልኩን ቁጥር ጻፈች። «ተናድጄብዎታለሁ» አለችው፤ «ግን እደውላለሁ።»

እንዳለው ከቀትር በኋላ ቤቱ ገባና ለብርሃኔ ሁሉንም ነገራት። ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ አስቀምጣ ሰማችው።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር አንድ ቀን!» አለች።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«እንዲህ ብለህ። አሁን እንዳልከው።» ሰፌዷን መልሳ አነሣች፤ ግን አልለቀመችም።

ማክሰኞ ሲሆን ገጀራና ማጭድ ሳይክሉ ላይ አስሮ ወረደ። ቀጋውን መመንጠር ከጀመረ ገና ሰዓት ሳይሞላ፣ የማሳው ባለቤት ልደቱ በትሩን ይዞ ከታች እየሮጠ መጣ።

«ምን ትቆፍራለህ? ወርቅ አለ ብለውህ ነው?»

«አልቆፍርም። እሾህ ነው የማነሣው።»

«ለማን ብለህ?»

«እዚህ ላሉት።»

ልደቱ አላመነውም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ እስከ ቀትር ጠበቀው፤ ወርቅ ሳይወጣ ሲቀር ሄደ። በሌላው ሳምንትም መጥቶ ተቀመጠ። በአራተኛው ማጭድ ይዞ መጣ፤ ምንም ሳይል በወዲያኛው ዳር ጀመረ። እርሻው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ሽቅብ ወደ መቃብሩ ሲገፋ እንደኖረ ልደቱ ያውቃል፤ ያን ዓመት ሲያርስ በሬዎቹን ወደ ታች መለሳቸው።

እንዳለው ከወንዙ ድንጋይ እየለቀመ በመቃብሩ ዙሪያ ካብ መካብ ያዘ። ካብ መካብ ሙያው ነው፤ ቢሆንም ብቻውን የሚሠራ ስለሆነ ዘገየ። የሰሜኑ ጦርነት መጥቶ መንገዱ የተዘጋባቸው ወራት ነበሩ፤ ያኔ ሳይወርድ ከረመ። ሲከፈት ተመለሰ። ሻኬድ ትደውላለች፤ እሱ ፎቶ ይልካል። ባንቻየሁ ፎቶውን እያየች በልጅቱ ስልክ ድምፅ ትቀዳለች፤ እኚህ አማቴ ናቸው፣ ያኛው የይስማው ወንድም ነው እያለች። የልጇን መቃብር ግን በፎቶ ለይታ ማወቅ አልቻለችም። ብዙ ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ፣ «ከላይኛው ወይራ ወደ ወንዙ እያየህ፣ ሰባት እርምጃ ቁጠር፤ የእኔን እርምጃ፤ የአራስ እርምጃ አጭር ነው» አለችው።

እንዳለው ለወይራው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እግሩን እያሳጠረ ቆጠረ። ሰባት ላይ ሣር ብቻ ነበር። ተንበርክኮ በእጁ ዳበሰ፤ ከሣሩ ሥር አምስት ትንንሽ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ትልቁ ከጭብጥ አይበልጥም። አፈሩን አራገፈላቸው፤ ከቦታቸው ግን አላነቃነቃቸውም። ፎቶ አንስቶ ላከ።

መልስ እስኪመጣ እዚያው ተቀምጦ ያመጣውን ቂጣ በላ። ከታች ግድቡ ላይ ዳክዬዎች ነበሩ። ስልኩ ድምፅ ሰጠ፤ የባንቻየሁ ቅጂ ነው። ከፈተው። ቃል የለውም፤ አንዲት አሮጊት ስትተነፍስ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው ሰማውና ሳይክሉን ሊያነሣ ወደ መንገዱ ወጣ።