የጋሼ ፈንታው የበረንዳ ችሎት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ተመራቂ ሁሉ በጋሼ ፈንታው ግቢ ሳያልፍ አልቀረም ብል ብዙም አላጋነንሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉት የኪራይ ክፍሎቻቸው ክረምት ላይ ከደጅ ይልቅ ይበርዳሉ። ግን ቶሎ የሚለቃቸው ሰው የለም፤ እኔም ሁለት ክረምት ተቀምጬባቸዋለሁ።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበሩ። ባለጉዳይ በስም ይጠራሉ፣ ምስክር ያስምላሉ፣ የሚያጉረመርመውን ዝም ያሰኛሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ያ ድምፅ አልለቀቃቸውም። ጠዋት “ውሃ መጣች!” ብለው ሲጣሩ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲውን ይዞ ይነሣል።

እኔ የይጁቤ ገበሬ ልጅ ነኝ። በእንስሳት እርባታ ተመረቅሁ፤ ውጤቴም የሚያሳፍር አልነበረም። የጽሑፍ ፈተና አልፍና ቃለ መጠይቅ ላይ እወድቃለሁ። ያኔ “ዘመድ ያለው አለፈ” እያልሁ አለቅስ ነበር እንጂ ጥፋቱ የእኔው ነው።

“እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን” ሲሉኝ “ኧረ እኔ ምን የሚነገር አለኝ” እላለሁ። “ከሌሎቹ በምን ትሻያለሽ?” ሲሉኝ ደግሞ “ኧረ እኔ ከማንም አልሻልም” ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው ያደግሁት። እኛ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ላይ ዓይኑን አይተክልም። ራስን ማመስገንማ ነውር ነው፤ ልጃገረድ እንኳ ስትታጭ ሙያዋን ሽማግሌ ይናገርላታል እንጂ ራሷ አትናገርም። እናቴ “ስላንቺ ሰው ይናገር” ትለኛለች። ችግሩ፣ ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ስለ እኔ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት የወተት ጥራት ተቆጣጣሪ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደርሁ፤ ጽሑፉን አለፍሁ። አባቴ ግን ሰልችቶታል። “ይህም ካልሆነ ቅዳሜ ወንድምሽ ለገበያ ሲመጣ ፍራሽሽን ጭነሽ ወደ ቤት ግቢ” አለኝ በስልክ። መግባት ማለት ለእኔ የተማርሁትን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ባል መጠበቅ ነበር። ቃለ መጠይቁ ዓርብ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተኮራምቼ ሳለቅስ ጋሼ ደረሱብኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

“ባለፈው ምን ብለሽ መለስሽላቸው?”

የመለስሁትን ስደግምላቸው ግንባራቸውን ያዙ። “ወይ አንቺ ልጅ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?”

“ነውር ይሆንብኛል፣ ጋሼ።”

“ነውሩስ ነውር ነው፤ ልክ ነሽ” አሉኝ። ይህን አልጠበቅሁም። “ራስሽን አታወድሺ። መስክሪ! ምስክር ማንንም አያወድስም፤ ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን አይጨምርም። ተነሺ።”

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሚካኤል እዚያው ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅሙ ነበር። “አንቺ ዳኛ ነሽ” አሏቸው ጋሼ፤ እሳቸውም ሰፌዱን ሳያስቀምጡ ዳኛ ሆኑ።

“ምስክር! እየሩስ የምትባለውን ልጅ ታውቂያታለሽ?”

“አዎ… አውቃታለሁ።” ሳቄ አመለጠኝ።

“ችሎት ውስጥ አይሳቅም! በምን ታውቂያታለሽ?”

“አብረን ነው ያደግነው።”

“ቀና በይ! መሬት የሚያይ ምስክር የተገዛ ይመስላል።”

ቀና አልሁና እትዬ ወለተ ሚካኤልን እያየሁ መሰከርሁ። ያቺ እየሩስ የምትባል ልጅ፣ የጎረቤታቸው ላም ወተቷ እየተበላሸ ሰው ሁሉ “ዓይን በላት” ሲል፣ ጡቷን ዳስሳ አንዱ ወገን አብጦ እንደሚያተኩስ አገኘች። የእንስሳት ሐኪም አስጠርታ አሳከመቻት። እስክትድን ድረስም የታመመውን ጡት ለብቻ እያለበች ወተቱን አስደፋች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ወተት ሲበላሽባቸው የሚጠይቁት እሷን ነው። ስናገር ስለ ሌላ ሰው የማወራ መሰለኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት ብዬም አሰብሁ። ይህን ለአንድም ቀጣሪ ተናግሬው አላውቅም።

“እኔ በበኩሌ አምኛታለሁ” አሉ ዳኛዋ ወደ ሽንብራቸው እየተመለሱ። ጋሼ ግን እስኪመሽ ደጋግመው አስመሰከሩኝ።

ዓርብ ዕለት ጠያቂዎቹ ፊት ተቀመጥሁ። መካከል ያለችው ሴት “እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን” አለች። ቀና አልሁ። አፌ የለመደውን አወጣ፤ “እየሩስን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።”

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዓይኔን መሬት ልጥለው ምንም አልቀረኝም፤ የጋሼ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

“ይቅርታ” አልሁ፤ “ስለ ራሴ መናገር ነውር እየሆነብኝ ስቸገር፣ እንደ ምስክር ሆኜ ነው የተለማመድሁት።”

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ሳቀች። “እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። በይ ምስክር፣ ቀጥዪ።”

ቀጠልሁ። ስለ ላሟ ነገርኋቸው፤ ብዙ ጠየቁኝ፤ የማላውቀውን አላውቅም አልሁ። ቅዳሜ ወንድሜ መሳፍንት ፍራሼን ጠቅልሎ በገመድ ሲያስር ስልክ ተደወለ። ሰኞ ሥራ ግቢ አሉኝ። መሳፍንት እየሳቀ ገመዱን ፈታው፤ እኔ እያለቀስሁ ወደ በረንዳው ሮጥሁ።

ወሩ ሲያልቅ እናቴ የላከችውን ቅቤ ይዤ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ይጁቤ ነበርሁ” አልኋቸው።

“እኔ ምን አደረግሁ? ራስሽ ተናገርሽ።”

“ተዪያቸው” አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል። “ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ሲጠሩ ኖረው፣ የእድገት ቦታ በወጣ ቁጥር የራሳቸውን መጥራት አቅቷቸው አይደል በዚያው ሥራ ጡረታ የወጡት!”

እኔ ተነሣሁና ድምፄን እንደ እሳቸው አወፈርሁ። “ምስክር! አቶ ፈንታው የሚባሉትን ሰው ያውቋቸዋል?”

ያ ሰፈር የሚያስነሣ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። “ኧረ እኔ…” አሉና መሬት መሬት አዩ።

እንግዲህ እሳቸው ካልተናገሩ እኔ ልናገር። አቶ ፈንታውን አውቃቸዋለሁ፤ ግቢያቸው ኖሬያለሁ። የሚያለቅስ ልጅ አይተው አያልፉም። ከእኔ በኋላ ክፍሌን የተከራየችውንም ልጅ በዚያችው በረንዳ አቁመው ሲያስመሰክሯት ልጠይቃቸው ስሄድ አይቻለሁ፤ ዛሬ አስተማሪ ናት። ይህ ያየሁት ነው፤ ያላየሁትን አልጨመርሁም።