ቀዮቹ ሲሸነፉ

ዛሬም ሳስታውሰው እፎይ እላለሁ። አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ስሠራ አልማዝን ላገባ ፈለግኩ፤ ሽማግሌ የሚሆነኝ ዘመድ በከተማው ስላልነበረኝ ራሴው አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ኃይሌ በየመን ቴሌቪዥን የአሜሪካኖቹን የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ እያዩ ነበር።

«አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ማን ይመስልሃል?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ስለ ጨዋታው ምንም ስለማላውቅ የማሊያቸውን ቀለም አይቼ «ቀዮቹ!» አልኩ።

አልማዝን ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝና «ዋንጫው ሲለይለት ና» ብለው ሸኙኝ።

ቀዮቹ ተሸነፉ። አልማዝ «አባባ ሰው አያናግርም» ስትለኝ ተስፋዬ ተሟጠጠ። ቢሆንም ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

«ቀዮቹ ናቸዋ! እንዳንተው ያሸንፋሉ ብዬ ወደብ ላይ በጸጉሬ ተወራርጄ ነበር። ግባ ልጄ፣ ሰርጉ መቼ ይሁን?»