የታንጉት የማይጣል ቀን መቁጠሪያ

ታንጉት አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ «ከዚች ሴት ጋር ከመከራከር ድንጋያማ መሬት ማረስ ይቀላል» ይል ነበር፤ ሲለውም ደስ እያለው። ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኘው የገጠር ደብር ያሉት የሚካኤል ማኅበርተኞች ይህን ጠባይዋን አሳምረው ያውቁታል። ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ግን ጭራሽ አበሳቸውን አሳየቻቸው።

ነገሩ የተጀመረው በላሟ ነው። ቤቱን ይዛ የኖረችው የምትታለብ ላሟ ሆዷ ተነፋና መብላት አቆመች። የአገር መድኃኒቱም የእንስሳት ሐኪሙም አልረዷት፤ ሳትሞት ትታረድ ተባለና ታረደች። ሆዷ ሲከፈት የተጠቀለለ ላስቲክ ወጣ። ታንጉት አጥባ ዘረጋችው። የአምና የግድግዳ ካላንደር ነው፤ ሚካኤል ከነሰይፉ፣ ከነክንፉ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስትነሳ ግን ንዴት እንጂ እንባ አልነበረባትም።

በዚያ አገር የቅዱስ ሥዕል ያለበት ነገር አይቃጠልም፣ ዕቃ አይጠቀለልበትም፣ ቆሻሻ ላይም አይጣልም። ታዲያ በየመስከረሙ አዲስ ካላንደር ከከተማ እየመጣ በየቤቱ ሲሰቀል አሮጌው የት ይግባ? ሰዉ በአክብሮት ወስዶ ከደብሩ ዛፎች ሥር ያኖረዋል፤ ተሳልሞም ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ከታች ካለው ምንጭ ይከተዋል። በላስቲክ የተለበጠ ነውና አይበሰብስም። ምንጩን ይደፍናል፣ የተረፈውን ከብት ይበላዋል። ይህን ሁሉ ጥፋት አክብሮት ብለው ጠሩት።

ታንጉት ሞፈርና ቀንበር ጠራቢው ሸጋዬ ዘንድ ሄደች። «ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ነው። ሚካኤልም በየወሩ በአሥራ ሁለት ነው። የማይለወጠውን ነገር ምን ቆርጦኝ በየዓመቱ እገዛለሁ?» አለችው።

ሸጋዬ ሳቀባት፤ ስቆ ሲያበቃ ግን ከቀንበር የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ጠረበላት። ሰባት ሰባት እያደረገ ሠላሳ ቀዳዳ በሳበት፤ እሷም በመሠረተ ትምህርት በለየችው ፊደል የየቀኑን ቅዱስ ስም በጋለ ብረት ጻፈች። ለአሥራ ሦስቱ ወራትም በራስጌው ቀዳዳ አለ። የሳምንቱ ቀናት በቆዳ ቁራጭ ተጽፈው ከላይ ይንጠለጠላሉ፤ ወር ሲለወጥ ቦታቸውን ትቀይራለች። ጠዋት ጠዋት በቀኑ ቀዳዳ የተሰካችውን ትንሽ እንጨት ወደ ቀጣዩ ቀዳዳ ማሻገር ነው፣ አለቀ። ወረቀት አይፈልግ፣ ላስቲክ አይፈልግ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

መስከረም ላይ ማኅበርተኞቹ አዲሱን ካላንደር ሲከፋፈሉ አልቀበልም አለች። «ታንጉት ሚካኤልን ጣለች» ተባለ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እጅጉ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እትዬ ታንጉት፣ ሰው ተቀይሟል። ይስቀሉትና ይገላግሉን።»

«አልሰቅልም።»

«እንግዲያው ጽዋው ወደ እርስዎ አይዞርም።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥቅምት ሚካኤል ጽዋውን ተቀብላ ለኅዳር ሚካኤል የምትደግሰው እሷ ነበረች። ከባሏ ጋር የጠጣችው ማኅበር ነው፤ ከዚያ መውጣት ሲታመሙ ጠያቂ፣ ሲሞቱ ቀባሪ ማጣት ነው። ታንጉት ፈራች፤ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ካላንደሩን ግን አልሰቀለችም።

የጥቅምቱ ማኅበር እጅጉ ቤት ነበር። ታንጉት ዋዜማውን ምንጭ ውስጥ ገብታ ስትቆፍር ውላለች። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ቅርጫት ተሸክማ ገባችና መሐል ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ጭቃ የጠጡ ካላንደሮች ተዘረገፉ፤ የሚካኤል ፊት ተለውሷል፣ ክንፉን ከብት አኝኮታል።

«ሚካኤልን ጣለች አላችሁኝ አሉ» አለች። «ይኸው! የኔም አለበት፣ አልክድም። እናንተስ? በሉ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አንሱ!»

ማንም እጁን አልዘረጋም። የማኅበሩ ንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ዮሐንስ፣ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ሥዕሉን እንዲህ መሬት ላይ ታደርጊዋለሽ?»

«አባቴ፣ ከነበረበትማ ይሻለዋል። እዚህ እርስዎም ያዩታል።»

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እጅጉ አጠገብ ተቀምጧል፤ ለሌላ ሰው ሊያስረክበው ተሰናድቷል። ታንጉት አልጠበቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ መሬት ሳመች፤ ጽዋውን በሁለት እጇ አነሳችና ወደ በሩ ዞረች። ከኋላዋ ማን ምን እንደሚል አላወቀችም፤ ዞራም አላየች።

ጽዋ ተነሥቶ ሲሄድ ቁጭ የሚል ማኅበርተኛ የለም። ተቀባዩ ደጃፍ ድረስ እየዘመሩ መሸኘት ደንብ ነው። መጀመሪያ አባ ወልደ ዮሐንስ ተነሡ። ከዚያ ሴቶቹ ተነሡ፣ ወንዶቹም ተከተሉ። እጅጉ በመጨረሻ እያጉረመረመ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎም ከወለሉ አንዱን ካላንደር አንሥቶ ጭቃውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ተከተላቸው።