የሕሩይ የባሕር ሱባኤ

ሕሩይማ ሱባኤ ገባ ተባለ አይደል፣ ሱባኤው ባሕር ላይ ነበር! ሚስቱ ሰብለወንጌል እስከ ዛሬ "እዚሁ ጀርመን፣ ግብጾቹ ገዳም ነው የሰነበተው" ትላለች፤ እናንተም እንዳትነግሯት።

ሰውየው ዚንድሊንገን፣ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በርሜል ሲያንከባልል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ አንድ ጀርመን የሥራ ጓደኛው ማይን ወንዝ ላይ ካያክ አስለመደው፤ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ እንደ ባቄላ እሸት የቀጠነች ጀልባ ናት። ቆይቶ ወንዙ አልበቃው አለ። "ከኪል ወደብ ተነስቼ፣ የባሕሩን ዳር ዳር እየቀዘፍኩ፣ ብቻዬን ሩገን ደሴት ልድረስ" ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

"በስልሳ ስምንት ዓመትህ? ዓሣ ሲበላህ እኔ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ልቀመጥ?"

ሕሩይ ሄዶ ጀልባዋን ይወለውል ጀመር። ዝም ያለ ወንድ ይፈራል። ፍልሰታ ሲደርስ "ዘንድሮስ ሱባኤ ልገባ ነው፤ ስልክ አይፈቀድም" አላት።

ውሸቷ እዚያ ላይ ብትቆም ደግ ነበር። ግን እኛ ሱባኤ የሚገባ ሰው ካገኘን መች እንለቃለን! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም የክርስትና ስሙን በወረቀት እየጻፈ ኪሱ ከተተለት። መጨረሻ ላይ የሪደርቫልድ ሰፈሯ ገላነሽ መጣች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ልቧን ያማታል፤ የኦፕሬሽን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ ተሰጥቷት ሦስቴም ፈርታ ቀርታለች።

"ሕሩይ ወንድሜ፣ በሱባኤው በአሥረኛው ቀን ቴርሚን አለኝ። አሁን አልቀርም። አንተ ስሜን እየጠራህልኝ እኔ ቢላዋው ሥር እተኛለሁ። ወለተ ጻድቅ ነኝ፣ እንዳትረሳ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..." አለ።

"አንተ እኮ ምን?"

"እጸልያለሁ፣ እትዬ።"

አያችሁ? ያኔ ነበር መናገር!

ባሕሩ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር አሉ። ጠዋት ውሃው እንደ ዘይት ይረጋል፤ በቀኙ ነጭ አሸዋ፣ በግራው ማለቂያ የለው። ሕሩይ ደስ ሊለው ሲጀምር ወረቀቶቹ ትዝ ይሉታል። ውሃ በማያስገባ ከረጢት ደረቱ ላይ አስሯቸዋል። መቅዘፉን ትቶ አንድ በአንድ ያነባቸዋል፤ ወለተ ጻድቅ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያወጣና መልሶ ይከተዋል። ደውሎ እውነቱን ቢነግራት ፈርታ ትቀራለች፣ ልቧም አይቆይላትም። ባይነግራት በውሸት ተማምና ትተኛለች። "ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ" እያለ ይቀዝፋል። በአራተኛው ቀንማ የዓሣ ሳንድዊች ገዝቶ ግማሹን ከዋጠ በኋላ ፆም መሆኑ ትዝ አለው። የቀረውን ለወፍ ሰጠ፤ የበላውን ግን ምን ያድርገው!

ገላነሽ ግን በሰላም ወጣች። ሕሩይ ከሩገን ተመልሶ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ሊጠይቃት ሄደ። አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ያዘችና ልትስመው ስትል መነጨቃት።

"እትዬ፣ አይስሙኝ። ገዳም አልገባሁም። ባሕር ላይ ስዝናና ነበር።"

ገላነሽ አፍንጫውን አየች። "እኔም የትኛው ገዳም ነው እንዲህ የሚጠብሰው ብዬ ነበር። እና በውሸት ነው ያስተኛኸኝ?"

"አዎ፣ እትዬ። ይማሩኝ።"

"ስሜንስ ጠርተኸዋል?"

"በየቀኑ! የቴርሚንዎ ቀንማ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ ሰግጄ ነው የጠራሁት።"

"የማን ቤተ ክርስቲያን?"

ሕሩይ ተነስቶ ትራሷን አስተካከለላት።

የጀርመኖቹ ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት ጭንቀቱ አላስቀዝፍ ብሎት ከውሃው ወጣና፣ ባሕሩ ዳር ወዳለች ቀይ የሸክላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ውስጥ የጀርመን ባልቴቶች መዝሙር ይለማመዳሉ። እሱ እንደ ሥርዓታችን ጫማውን በር ላይ አወለቀና፣ ቀዛፊዎች የሚለብሱትን፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር የጎማ ልብስ እንደለበሰ፣ ውሃ እያንጠባጠበ እፊት ድረስ ዘለቀ። "ወለተ ጻድቅን አደራ!" ብሎ በግንባሩ ሲደፋ ልብሱ ከኋላ ተርርር ብሎ ተቀደደ። ከሥሩ ደግሞ ምንም አልለበሰም። መዝሙሩ ቀጥ አለ። ሕሩይ መቀመጫውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደ በጓሮ በር ወጣ፤ ጫማውን ሊያመጣ መመለስ አፍሮ እስከ ሩገን በባዶ እግሩ ቀዘፈ።