ባለ አንድ የን

ሰውዬው የሚመጣው ሁልጊዜ የምንዛሪ ቤቷ ሠራተኛ ልትዘጋ ስትል ነው። የጥበቃ ካፖርቱ ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ከሰላምታው በፊት የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እሷም መንገደኞች ትተውት የሄዱትን የጃፓን ዝርዝር ሳንቲም ታቀርብለታለች፤ እንደ ቅጠል የሚቀለውን ባለ አንድ የንና መሀሉ ቀዳዳ የሆነውን ባለ አምስት። እሱ እያንዳንዱን በመሐረቡ ወልውሎ፣ በማያነበው ፊደል የተጻፈበትን ዓመት ደብተሩ ላይ ከሣለው ጋር ያስተያያል።

ዛሬ እግሯ ከመቆም ብዛት ዝሎ ነበርና አፏ አመለጣት።

“አባባ፣ ይሄ እኮ አንድ ክብሪት እንኳ አይገዛም። ምን ያደርግልዎታል?”

አልተቀየማትም። መወልወሉንም አላቆመም።

“የሚገዛ ቢሆንማ የኔ ልጅ፣ እነዚያ ልጆቼ መች ይተዉልኝ ነበር?”

ሠራተኛዋ የያዘችውን ቁልፍ አስቀመጠችና የቀሩትን ሳንቲሞች አብራው ትወለውል ጀመር።