አመዱን ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ

ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ፊደልና ዳዊት ነው፤ የቀረውን በራሴ ዘለቅሁት። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የቆመ የውኃ ሞተር የሚያስነሳ፣ ስለ ሕዋስ አንብቦም ለገበሬ በገበሬ አፍ የሚያስረዳ ሽማግሌ ከእኔ ሌላ አላውቅም። ያሳፈረኝም ይኸው እውቀቴ ነው።

ተምች በቆሎውን በወረረበት ክረምት ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። ባሏ ሞቶባታል፤ ዓመቱን የምትበላው ከአንዲት ማሳ በቆሎ ነው።

"አያ፣ ቀበሌ ኬሚካል ለሚፈልግ እየመዘገበ ነው አሉ። ልመዝገብ?"

"ቆዪ፣ መጀመሪያ ማሳሽን ልየው።"

ከማሳዋ ዳር አንዳንዱ ተምች ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ሞቷል። ስነካው ቆዳው ፈንድቶ እንደ ቀጭን ሙቅ ፈሰሰ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ስለዚህ ነገር መጽሐፍ ነበረኝ። ተምችን የሚገድል፣ ሰውንም ከብትንም የማይነካ ቫይረስ ነው።

እዚያው ቆሜ አስረዳኋት። "ቫይረሱ የያዘው ጽሑፍ ነው፤ ዲኤንኤ ይባላል። ተምቹ ከቅጠል ጋር ሲበላው ከሆዱ ሕዋስ ይገባል፤ እስከ ሕዋሱ አስኳል ይዘልቃል። እዚያ እንደ ገመድ የተጋመደው ጽሑፍ ይፈታል፤ ለእያንዳንዱ ክር አቻው ይጻፍለታል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ብራናውና ቀለሙ የተምቹ፣ መጽሐፉ የቫይረሱ። በመጨረሻ ቤቱ ፈርሶ ቅጂው ሁሉ ይበተናል።"

"የበላበትን ቤት አፍርሶ የሚወጣ እንግዳ!" ብላ ሳቀች። "የባሌን ዘመዶች መሰለኝ።"

"አትመዝገቢ" አልኳት። "መድኃኒቱ ማሳሽ ላይ ተንጠልጥሏል።"

የሞቱትን ለቅመን፣ ጨፍልቀን፣ በውኃ በጥብጠን በጨርቅ አጠለልን። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ! እናቶቻችን ተምች ሲመጣ በበቆሎው ልብ አመድ ይነሰንሱ ነበር፤ ሁለቱ ቢደመሩ ብርቱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። "ከምድጃሽ አመድ አምጥተሽ ጨምሪ፤ አትሰስቺ" አልኳት። እስኪወፍር አማስዬ፣ አሳድሬ፣ በማግስቱ በመርጫ ረጨሁላት።

ተምቹ አልሞተም። ዛሬ ይሞታል ነገ ይሞታል ስንል ምዝገባው አለፈ፤ በቆሎዋም ፍሬ ሳይዝ ቀረ።

ሰንበቴ ላይ ተሰብስበን ሳለ አንዱ ጎልማሳ፣ "የሊቁን መድኃኒት አበላሸሽው አሉ!" ብሎ ተረባት።

አንገቷን ደፍታ፣ "የባሕር ዛፍ አመድ ቀላቅዬበት ይሆናል። እኔው ነኝ" አለች።

ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያንስ "አመድ ሁሉ አንድ መስሏታል" ብዬ ጨመርኩበት።

በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ገለጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግሁት የእሷን ጥፋት ነበር። ያገኘሁት አውቀዋለሁ ብዬ የዘለልኩትን ገጽ ነው። ቫይረሱ በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ቅርፊቱ የሚሟሟው ተምቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ የተምቹ ሆድ ደግሞ እንደ አመድ ውኃ የሚያሟሟ ነው። እኔ በወፍራም የአመድ ውኃ አሳድሬ ቅርፊቱን ደጅ ላይ አቀለጥሁት። ቫይረሱ ራቁቱን ቀርቶ፣ አንዲት ፊደል ሳይገለብጥ ሞተ። የማንም ምድጃ አመድ ቢሆን ያው ነበር።

ሄጄ ነገርኳት። ፍሬ አልባውን አገዳ ለላሟ ታጭድ ነበር፤ ማጭዷን አላቆመችም።

"ለእኔ ምን ይነግሩኛል አያ? እኔ አልሳቅሁ። ለሳቁት ይንገሩ።"

በሚቀጥለው ሰንበቴ ተነስቼ ቆምኩ። ስለ ቅርፊቱ ጀመርኩ፤ ስለ አስኳሉ፣ ስለ ክሩ አፈታት ቀጠልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ ደስ አለኝ። ዓይኔ ከዓይኗ ሲገጥም ነው እያስተማርኩ መሆኔን ያወቅሁት።

"አመዱን ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "አመዷ ጥፋት የለበትም። መሳቄም ነውር ነበር።"

የተረባት ጎልማሳ ዋንጫውን እያየ ቀረ።

"በሉ ይቀመጡ" አለችኝ እሷ፤ ዳቦም ቆርሳ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ከጎተራዬ በቆሎ አስጭኜ ደጇ አደረስኩ። ተቀበለች፤ መረቀችኝም። ዘንድሮ ተምች ሲመጣ ግን በደጄ አልፋ ወደ ቀበሌ ስትሄድ አየኋት። ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም።